ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት ሃርድ ዲስኩን ይመልከቱት

ጥያቄ፦ «ቤታችን ውስጥ አንድ የዴል ላፕቶፕ አለ። ኮር አይ 3፣ አራተኛ ትውልድ ነው። ራሙ 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ፤ የተጫነበት ዊንዶውስ 10 ነው። ልጆቼ ያጠኑበታል፣ እኔም የተማሪዎቼን ፈተና አዘጋጅበታለሁ። ተከፍቶ ክሮም እስኪነሳ ቡና ይፈላል። ዩቲዩብ ይቆራረጣል፤ ያው ዋይፋይ ስልኬ ላይ ግን ደህና ነው። ሁለት ጊዜ ፎርማት አስደረግሁት። ለጥቂት ሳምንት ይሻለዋል፣ ከዚያ ያው ነው። አንዱ ጥገና ቤት ራም ጨምሪበት አለኝ። ሌላው ፕሮሰሰሩ መቀየር አለበት አለ። ባለቤቴ ደግሞ ሸጠን እንገላገለው ይላል። የትኛውን ልስማ?»

ምላሽ፦

አይሽጡት። ፎርማትም አያስደርጉት፤ ቢያንስ ለጊዜው። ከነገሩኝ ምልክት አብዛኛው የሚያመለክተው ወደ አንድ ዕቃ ነው፤ ወደ ሃርድ ዲስኩ። ግን ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት በራስዎ ዓይን ማረጋገጥ ስለሚችሉ፣ እኔን ብቻ አምነው አይግዙ።

አስቀድሜ የፕሮሰሰሩን ነገር ላስወግደው። በአራተኛ ትውልድ ላፕቶፖች ውስጥ በብዛት የሚገኙት ኮር አይ 3 ፕሮሰሰሮች፣ ለምሳሌ 4005ዩ ወይም 4030ዩ፣ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው። ነቅሎ ሌላ የሚተኩበት ሶኬት የለም። ስለዚህ «ፕሮሰሰሩ ይቀየር» ማለት በተግባር «ማዘርቦርዱ ይቀየር» ማለት ነው፤ ለዚህ ዕድሜ ላፕቶፕ ደግሞ ያ ወጪ አያዋጣም። «ሴቲንግ» ውስጥ «ሲስተም»፣ ከዚያ «አባውት» ቢገቡ የፕሮሰሰሩን ስም ያገኙታል። ቁጥሩ መጨረሻ ላይ «ዩ» ካለ ጉዳዩ ተዘግቷል። «ኤም» ካለ መቀየር ይቻላል፤ ግን ያኔም ቢሆን የእርስዎ ችግር እዚያ ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ምርመራው። ላፕቶፑን ይክፈቱና ዝግታው በባሰበት ሰዓት «ኮንትሮል»፣ «ሺፍት» እና «ኢስኬፕ»ን አንድ ላይ ይጫኑ። ታስክ ማኔጀር ይመጣል። «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ይምረጡ። ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ ነው)፣ ሜሞሪ (ራሙ ነው)፣ ዲስክ እያለ በመቶኛ ያሳይዎታል። ለአምስት ደቂቃ ያህል ዝም ብለው ይመልከቱት። ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተጣብቆ፣ ከታች የሚታየው የንባብ ፍጥነት ግን በሰከንድ 1 ወይም 2 ሜጋባይት ብቻ ከሆነ፣ በሽታው ታውቋል። ፕሮሰሰሩ በዚያው ሰዓት 20 ወይም 30 በመቶ ላይ ሆኖ ሲጠብቅ ያዩታል። ሥራ ጠፍቶት አይደለም። መረጃ እስኪመጣለት ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሰሃን አለ። በላፕቶፖች ላይ በአብዛኛው በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል። መረጃውን የሚያነበው ክንድ ፋይሉ ወዳለበት ቦታ መሄድ አለበት፤ ከዚያ ሰሃኑ ዞሮ ትክክለኛው ቦታ ከሥሩ እስኪደርስ መጠበቅ አለበት። ለአንድ ትንሽ ፋይል ይህ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ሲሰሙት ምንም አይመስልም። ሲያሰሉት ግን በሰከንድ መቶ ፋይል እንኳ አይሞላም። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ የሚጠይቀው በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ንባቦችን ነው፤ ያውም ሁሉንም በአንዴ። አንድ አስተናጋጅ ብቻ ያለው ምግብ ቤት ውስጥ ሠርገኛ ገባ ማለት ነው። ወጥ ቤቱ ምንም ቢፈጥን ምግቡ ጠረጴዛ ላይ አይደርስም።

ፎርማት ለጥቂት ሳምንት ብቻ የሚረዳበት ምክንያትም ይኸው ነው። ዲስኩ ባዶ ሲሆን አዲሱ ዊንዶውስ ተጠጋግቶ ይጻፋል፤ ያውም ሰሃኑ ፈጣን በሆነበት በውጭው ጠርዝ በኩል። ክንዱ ብዙ መንገድ አይሄድም። ከጀርባ የሚነሳ ፕሮግራምም ገና የለም። ከዚያ አፕዴቱ ይገባል፣ ክሮም ይሞላል፣ የቴሌግራም ፎቶና ቪዲዮ ይከማቻል፣ ፋይሉ እዚህም እዚያም ይበታተናል። ዲስኩ ግን ያው ዲስክ ነው። አገራችን ውስጥ ለኮምፒውተር ሕመም ሁሉ ፎርማት እንደ ፓራሲታሞል ይታዘዛል፤ እርስዎም ሁለቴ ከፍለውበታል፣ ሦስተኛውን ይቆጥቡ።

ዲስኩ ከነጭራሹ እየሞተ ሊሆንም ይችላል። መብራት ድንገት ሲጠፋ፣ በተለይ ባትሪው ደክሞ ላፕቶፑ በቻርጀር ብቻ ሲሠራ፣ ሃርድ ዲስክ ሊጎዳ ይችላል። «ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ» የሚባል ነፃ ፕሮግራም አውርደው ይክፈቱት። ሰማያዊ ካሳየ ደህና ነው። ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ፣ በተለይ «05» ወይም «ሲ5» በሚሉት መስመሮች ላይ ከዜሮ የተለየ ቁጥር ካለ፣ ሰሃኑ ላይ የማይነበቡ ወይም የተበላሹ ቦታዎች አሉ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዲስክ አንድ ፋይል ለማንበብ ደጋግሞ ሲሞክር መላው ኮምፒውተር ስታክ ያደርጋል። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰሙ ደግሞ ፕሮግራሙንም አይጠብቁ።

በየትኛውም መልኩ የመጀመሪያው ሥራ ኮፒ ማድረግ ነው። የልጆቹ ፎቶ፣ የፈተና ፋይሎች፣ ዴስክቶፕና ዳውንሎድ ላይ ያለው ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ይሂድ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚባለው እዚህ ጋ ነው። ኤክስተርናል፣ ማለትም በዩኤስቢ የሚሰካ ዲስክ፣ ከሌለዎት ለወርድ ፋይሎች አንድ ፍላሽ ይበቃል፤ ቴሌግራም ላይ ለራስዎ መላክም ይቻላል፣ እስከ 2 ጊጋ የሚደርስ ፋይል ይቀበላል። አንድ የሚረሳ ነገር ላስታውስዎ። የድሮ ፈተናዎችዎ ዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል አሠራር) ባልሆኑ የቆዩ የግዕዝ ፎንቶች ተጽፈው ከሆነ፣ ፎንቶቹ አብረው ካልተቀመጡ ነገ ፋይሉ ሲከፈት የሚታየው ዝባዝንኬ ነው። ስለዚህ ሲ ድራይቭ ላይ «ዊንዶውስ» ውስጥ ያለውን «ፎንትስ» የሚለውን ፎልደርም ኮፒ ያድርጉ። ብዙ መምህራን ለዓመታት ያዘጋጁት ፈተና የጠፋባቸው የሚመስላቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ግዢው። የሚገዙት ኤስኤስዲ ነው። ሰሃንም ክንድም የለውም፤ መረጃውን እንደ ፍላሽ በቺፕ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ ግን ከፍላሽ እጅግ ይፈጥናል። ርካሽ የሚባለው እንኳ በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ንባቦችን ያስተናግዳል። ከሃርድ ዲስኩ መቶ ጋር ያወዳድሩት። ትልልቅ ፋይል ሲሆን ደግሞ በሰከንድ ወደ 500 ሜጋባይት ይደርሳል። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ወጪ ማውጣት የሚቻለው አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ ያ ወጪ ለዚህ መሆን አለበት።

ሱቅ ሲሄዱ «ሁለት ነጥብ አምስት ኢንች፣ ሳታ ኤስኤስዲ» ብለው ይጠይቁ። ቀጭን ማስቲካ የሚመስለውን ኤንቪኤምኢ የሚባለውን አይግዙ፤ ፈጣን ነው፣ የእርስዎ ላፕቶፕ ግን መሰኪያው የለውም። መጠኑ 240 ወይም 256 ጊጋ ይበቃዎታል። ዋጋ ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያይ መርካቶም ሆነ ባሉበት ከተማ ሁለት ሦስት ቦታ ይጠይቁ። በጣም ብዙ ቴራ በጣም በጥቂት ብር የሚሸጥ ካዩ ግን ይለፉት። መጠኑ ተጭበርብሮ የተጻፈበት ዕቃ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ 1 ቴራ ነው ብሎ ያሳያል፣ ትክክለኛው ቦታ ሲሞላ ግን የሚጽፉት ሁሉ ይጠፋል። «ኤች2ቴስት ደብሊው» የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዕቃውን እስከ ጥግ ጽፎና መልሶ አንብቦ ውሸቱን ያወጣዋል። ያገለገለ ኤስኤስዲ ከሆነም ያው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የቀረውን ጤና በመቶኛ ይነግርዎታል። ደረሰኝና ዋስትና መጠየቅ አይፈሩ።

ቅየራው ከባድ ሥራ አይደለም። የጀርባው ብሎን ይፈታል፣ ባትሪው ይለያል፣ አሮጌው ይወጣል፣ አዲሱ እዚያው ቦታ ይገባል። እጅዎ ካልደፈረ ጥገና ቤት ይውሰዱት፤ ግን እዚያው ቁጭ ብለው ይጠብቁ እንጂ ጥለውት አይሂዱ። ውስጡ የቤተሰብ ፎቶ አለ፣ የተማሪዎች ፈተናም አለ። አሮጌውን ዲስክ እንዳለ አዲሱ ላይ መገልበጥ፣ ክሎን ማድረግ የሚባለው፣ ይቻላል። በእርስዎ ጉዳይ ግን አልመክረውም። ሁለት ጊዜ በሌላ ሰው እጅ የተጫነ ዊንዶውስ ነው፤ ምን አብሮት እንደገባ አናውቅም። ከዜሮ ይጫን። 64 ቢት የሚባለው ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ፤ ምክንያቱን ራሙ ጋ ስንደርስ ያዩታል።

አሮጌው ሃርድ ዲስክ በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ሰማያዊ ከነበረ አይጣል። ላፕቶፑ ሲዲ ማንበቢያ ካለው፣ እሱ ወጥቶ በቦታው ካዲ የሚባል መያዣ ይገባና ሃርድ ዲስኩ እዚያ ይቀመጣል። ፊልሙና ፎቶው በእሱ ላይ፣ ዊንዶውሱ በኤስኤስዲው ላይ። ካዲ 9.5 እና 12.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አለ፤ ሳይለኩ አይግዙ። ሲዲ ማንበቢያ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ ኬዝ ገዝተው ኤክስተርናል ያድርጉት።

ራም ጨምሪ ያልዎት ሰው አልዋሸም። ራም የተከፈቱ ፕሮግራሞች ለጊዜው የሚቀመጡበት ፈጣን ማስታወሻ ነው። ቅደም ተከተሉን ነው ያዛባው። 64 ቢት ዊንዶውስ 10 ምንም ሳይከፈትበት ከ4 ጊጋው ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ይወስዳል። ክሮም ላይ ስድስት ሰባት ታብ ሲከፈት ይሞላል። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ ትርፉን ወደ ዲስክ ይገፋዋል። ዲስኩ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ያ ሞት ነው፤ ኤስኤስዲ ከሆነ ግን ብዙም ሳይታወቅ ያልፋል። ስለዚህ ኤስኤስዲው ይቅደም፣ ገንዘብ ሲገኝ ራሙ 8 ጊጋ ይሁን። ታስክ ማኔጀር ውስጥ «ሜሞሪ» የሚለውን ሲነኩ ከሁለት ማስገቢያ ስንቱ እንደተያዘ ይጽፋል። አንዱ ባዶ ከሆነ አንድ የ4 ጊጋ ብቻ ይጨምሩ። ሁለት ሆነው ሲሠሩ ግራፊክሱም ትንሽ ይፈጥናል። የሚገዙት የላፕቶፕ ዲዲአር 3 ኤል ነው፤ በ1.35 ቮልት የሚሠራው። በ1.5 ቮልት የሚሠራው ተራው ዲዲአር 3 መልኩ አንድ ነው፣ ይገባልም፤ ግን ላፕቶፑ ላይነሳ ይችላል። ዲዲአር 4 ጭራሽ አይገባም። ሻጩ «ያው ነው» ቢልዎት ቃሉን አይውሰዱ፣ ጽሑፉን ያንብቡ። ሌላም ነገር አለ፦ አሁን የተጫነው ዊንዶውስ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋው እንኳ ሁሉንም አይጠቀምም። እሱ ላይ ራም መጨመር ብር መጣል ነው።

የዩቲዩቡ ነገር ሌላ ጣጣ ነው፤ ኤስኤስዲም አይፈውሰውም። ዩቲዩብ ቪዲዮውን በአብዛኛው የሚልከው ቪፒ 9 ወይም ኤቪ 1 በሚባሉ አዳዲስ መጭመቂያዎች ነው። የአራተኛው ትውልድ ኢንቴል ግራፊክስ እነዚህን ሙሉ በሙሉ በራሱ ሃርድዌር መፍታት አይችልም። ሸክሙ ሁለት ኮር ብቻ ባለው ፕሮሰሰር ላይ ይወድቃል። ስልክዎ አዲስ ስለሆነ ይችለዋል፤ ልዩነቱ የመጣው ከኢንተርኔቱ አይደለም። የቆየውን ኤች 264 ግን ላፕቶፑ በቀላሉ ይፈታል። ዩቲዩብ እሱን ብቻ እንዲልክ የሚያስገድዱ ትንንሽ የብራውዘር ኤክስቴንሽኖች አሉ፤ «ኤች264ኢፋይ» የሚታወቀው ነው። እሱ ካልተመቸዎት የቪዲዮውን ጥራት 480 ላይ ያድርጉት። ለትምህርት ቪዲዮ ይበቃል፣ ዳታም ይቆጥባል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነገር። ላፕቶፑ ዴል ነው ብለዋል። ቻርጀሩ ኦርጅናል ነው? የብዙ ዴል ቻርጀሮች ጫፍ መሐሉ ላይ ቀጭን መርፌ አለች። ላፕቶፑ የቻርጀሩን ማንነትና ዋት የሚያውቀው በእሷ በኩል ነው። መርፌዋ ከተሰበረች ወይም ቻርጀሩ ተመሳስሎ የተሠራ ከሆነ ላፕቶፑ አያውቀውም። ያኔ ባትሪውን አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩንም ሆን ብሎ ያዘገየዋል። ሲከፈት ስለቻርጀሩ የሚናገር ማስጠንቀቂያ ካመጣ፣ እርስዎም «ኢንተር» ብለው የሚያልፉት ከሆነ፣ እሱ ነው። ማረጋገጫው ታስክ ማኔጀር ላይ ነው፦ ሲፒዩ የሚለው ውስጥ «ስፒድ» 0.79 ጊጋኸርዝ አካባቢ ተቸንክሮ፣ ሥራ ሲበዛበትም ከዚያ አልወጣ ካለ፣ ወይ ቻርጀሩ ነው ወይ ሙቀት። ሙቀት ከሆነ ማራገቢያው ይጮኻል፣ የሥሩ አየር መውጫ ያቃጥላል። የኛ አቧራ በዓመት ሁለት ዓመት ውስጥ ማቀዝቀዣውን ይደፍነዋል። ኤስኤስዲው ሲገባ ጀርባው ተከፍቷልና በዚያው ይጽዳልኝ፣ ተርማል ፔስቱም (የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈው ቅባት) ይታደስ ይበሉ። ፍራሽና ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጠው አይጠቀሙበት።

ሶፍትዌሩን በአጭሩ ልለፈው። ታስክ ማኔጀር ውስጥ «ስታርትአፕ» ገብተው አብሮ መነሳት የማያስፈልገውን ሁሉ «ዲሴብል» ያድርጉ። አንቲቫይረስ አንድ ብቻ ይኑር፤ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ይበቃል፣ ሁለት ሲሆኑ እርስ በርስ ይናከሳሉ። ዊንዶውስን ወይም ኦፊስን አክቲቬት ያደርጋል ተብሎ የተጫነ ክራክ ካለ፣ ከጀርባው የሌላ ሰው ሥራ እየሠራ ሊሆን ይችላል። ሲፒዩው ምንም ሳይከፍቱ 80 እና 90 የሚል ከሆነ መጀመሪያ እሱን ይጠርጥሩ። «ራም ቡስተር»፣ «ሬጂስትሪ ክሊነር» የሚባሉትን ባለፉበት አይለፉ። ያን ያህል ጥቅም የላቸውም፣ ራሳቸው ሸክም ናቸው። ደግሞ «ሻት ዳውን» ሲያደርጉ ዊንዶውስ 10 በቶሎ እንዲነሳ ከፊሉን ሁኔታውን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን «ሪስታርት» ያድርጉት፤ ከዜሮ የሚነሳው ያኔ ነው።

የዊንዶውሱን ዕድሜም ማወቅ አለብዎት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ለግል ተጠቃሚዎች ለአንድ ዓመት የሚያራዝም የጥበቃ አፕዴት ምዝገባ ተዘጋጅቶ ነበር። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ይጠይቃል፤ የእርስዎ አራተኛ ነው። አስገድደው የሚጭኑልዎት ባለሙያዎች አይጠፉም። እኔ አልወደውም፤ አፕዴቱ አስተማማኝ አይሆንም፣ ይከብዳልም። ከኤስኤስዲው ጋር አብሮ ሊያስቡበት የሚገባው ሊኑክስ ሚንት የሚባለው፣ በዊንዶውስ ቦታ የሚሠራ ሌላ ሥርዓት ነው፤ በተለይ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀላሉ ዓይነት። ነፃ ነው፣ ክራክ አያስፈልገውም፣ ፍላሽ የሚያስተላልፈው የዊንዶውስ ቫይረስም አይነሳበትም። ሳይጭኑት ከፍላሽ ላይ አስነስተው መሞከር ይችላሉ። ዋይፋዩ፣ ድምፁና ፕሪንተሩ መሥራታቸውን በዚያው ያያሉ። ለልጆቹ ብራውዘርና ቪዲዮ ከበቂ በላይ ነው።

ችግሩ ያለው በእርስዎ በኩል ነው። የለመዱት የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር የዊንዶውስ ከሆነ እዚያ ላይ አይጫንም። ሊኑክስ የራሱ የአማርኛ መጻፊያ አለው፣ አጻጻፉ ግን ልምድ ይፈልጋል። የወርድ ፋይል በሊብሬ ኦፊስ፣ ማለትም ነፃ በሆነው የኦፊስ ምትክ፣ ይከፈታል፤ ሠንጠረዥና ምርጫ ጥያቄ ያለበት ፈተና ግን መስመሩ ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ ኤስኤስዲው ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስጭኑ። ሲከፈት የትኛውን እንደሚፈልጉ ይጠይቅዎታል። ኢንተርኔቱ በሊኑክስ፣ ፈተናው ኔት ሳይነካው በዊንዶውስ ይሁን። ለሁለቱም 256 ጊጋው ይበቃል።

ይህ ሁሉ ምክር የሚሠራው ሃርድ ዲስክ ላለው ኮምፒውተር ነው። ይህን የሚያነብ ሰው ያለው 32 ወይም 64 ጊጋ ማስቀመጫው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ፣ ሴሌሮን የሚባለው ርካሽ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ትንሽዬ ላፕቶፕ ከሆነ፣ ራሙም አብዛኛውን ጊዜ የተበየደ ነው። የሚቀየር ነገር ስለማይኖረው እሱ ላይ ቀለል ያለ ሊኑክስ ከመጫን ሌላ ብዙ መንገድ የለም።

ባለቤትዎ አሁንም መሸጡን ካሉ፣ ያው መብታቸው ነው፤ ግን ብር ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ ከተመነዘረ ወዲህ በሚሸጡበት ገንዘብ የተሻለ ማግኘት ቀላል አይደለም። ከተሸጠም ሃርድ ዲስኩን አውጥተው ያስቀሩት፣ ወይም ሙሉ በሙሉ አስጠርገው ይስጡት። ጥገና ቤት በአምስት ደቂቃ የሚደረገው ፈጣን ፎርማት ፋይሉን አያጠፋውም፤ ማውጫውን ብቻ ነው የሚያነሳው። ገዢው ነፃ በሆነ ፕሮግራም ፎቶዎቹንም የዘንድሮውን ፈተናም መልሶ ሊያወጣቸው ይችላል።